ያለፈ መሰለን

ዛሬ የምንጽፈው ስለ አውሮፕላን ነው። “መጋቢ ስለ አውሮፕላን ምን ያውቃል?” ብትሉ ትክክል ናችሁ፤ ከመንገደኛነት ያለፈ እውቀት የለንም። አውሮፕላኑ መንደርደር ሲጀምር ዐይናቸውን ጨፍነው ከሚጸልዩት ወገን ነን። ነገር ግን ከሁለት ዓመት በላይ ከልባችን ያልወጣ አንድ የአደጋ ምርመራ ዘገባ አለ። እርሱን ሳንነግራችሁ ስለ አንድ የአጥቢያችን ልጅ ልንነግራችሁ አንችልም፤ ስለ ልጁ ሳንነግራችሁ ደግሞ ዘገባው የአውሮፕላን ወሬ ብቻ ሆኖ ይቀራል።

በ2015 ዓ.ም. ክረምት በካሊፎርኒያ፣ ሳንዲዬጎ የሚኖሩ ወገኖች ለጉባኤ ጋብዘውን ነበር። ያሳደረን ወንድም ታክሲ ነጂ ነው፤ ቤቱም ኖርዝ ፓርክ በሚባለው ሰፈር ነው። ጠዋት ቡና ስንጠጣ የአውሮፕላን ድምፅ ሰምተን ቀና ስንል አይቶን፣ “መጋቢ፣ እዚህ ሰፈር ላይ እኮ አውሮፕላን ወድቆ ያውቃል” አለን። እርሱ ያን ጊዜ አልተወለደም፤ የነገሩት የድሮ ጎረቤቶቹ ናቸው። ከቁርስ በኋላ ዱዋይትና ናይል የሚባሉ ሁለት መንገዶች ወደሚገናኙበት ቦታ ወሰደን። ናይል፣ ያው የእኛው ዐባይ ነው፤ ስሙን ከመንገዱ ምልክት ላይ ስናነብ በዚያ ሩቅ አገር ትንሽ ደነገጥን። ዝቅ ያሉ ቤቶች፣ ዛፎች፣ የቆሙ መኪናዎች። ሌላ ምንም የለም።

አደጋው የደረሰው እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 25 ቀን 1978፣ ሰኞ፣ በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 3 ሰዓት አልፎ ነው። አንድ ቦይንግ 727 የመንገደኞች አውሮፕላን ከሳክራሜንቶ ተነሥቶ፣ ሎስ አንጀለስ አርፎ፣ 135 ሰዎች ይዞ ወደ ሳንዲዬጎ እየገባ ነበር። ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር። በዚያው ሰዓት አንዲት ባለ አንድ ሞተር ሴስና 172 ሁለት ሰዎች ይዛ በአየር ማረፊያው ላይ ልምምድ አድርጋ ወደ ሰሜን ምሥራቅ እየወጣች ነበር፤ አንደኛው አስተማሪ ነው። ከዚያም የተሰጣትን አቅጣጫ ለቅቃ፣ ለማንም ሳትናገር፣ ወደ ምሥራቅ ዞረች። ትልቁም ወደ ምሥራቅ ነበር የሚበርረው፤ ከኋላዋና ከበላይዋ ሆኖ፣ ከፍታውን እየቀነሰ።

ብዙ ሰው ይህን ሲሰማ “አልተያዩም ማለት ነው” ይላል። ነገሩ ግን ከዚያ ይከፋል። ተቆጣጣሪዎቹ ስለ ሴስናዋ ለ727ቱ አብራሪዎች ከአንድ ጊዜ በላይ ነግረዋቸዋል፤ አብራሪዎቹም እንዳዩአት መልሰዋል። በአየር ላይ ይህ ቃል ከባድ ቃል ነው። “አይቻታለሁ” ያለ አብራሪ፣ “እንግዲያውስ በዐይንህ እያየህ ተለያይ” ሲባል፣ ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ኃላፊነቱን ከራዳሩ ተረክቧል። በዐይኑ ይሸከመዋል። ካጣት ደግሞ “አጣኋት” ብሎ መናገር ግዴታው ነው።

አጧት። ማማው ሴስናዋ ከፊታቸው አንድ ማይል ላይ እንዳለች እንደገና ሲነግራቸው፣ ከአፍታ በፊት እዚያ እንደ ነበረች፣ በቀኛቸውም በኩል ያለፈች እንደሚመስላቸው መለሱ። ቦርዱ ቅጂውን መርምሮ የደረሰበት አንድ ነገር አለ፤ አብራሪው ያለው “አልፋናለች” ሊሆን ይችላል፤ ተቆጣጣሪው የሰማው ግን “እያለፈችን ነው” ብሎ ነው። እያለፈችን ነው ማለት እያየናት ነው ማለት ነው። አልፋናለች ማለት ግን አናያትም፣ ገምተናል ማለት ነው። በአንድ የፊደል ድምፅ ልዩነት ሁለቱም ወገን ተረጋጋ።

ከግጭቱ 36 ሰከንድ ያህል በፊት ረዳት አብራሪው ከዚያች ሴስና ተላቅቀው እንደ ሆነ ጠየቀ። የበረራ መሐንዲሱ መላቀቅ እንደሚገባቸው መለሰ። ካፒቴኑ ይመስለኛል አለ። ከኋላቸው ተቀምጦ የነበረው፣ በዚያ ቀን ሥራ ያልነበረው አብራሪ ደግሞ ሳቅ ብሎ፣ ተስፋ አደርጋለሁ አለ።

እኛ ይህን ያነበብነው በዚያ ወንድም ቤት፣ ሌሊት፣ እንቅልፍ እንቢ ብሎን ነው። የምርመራ ቦርዱ ዘገባ በ1979 የወጣ ነው፤ ማንም ሊያነብበው ይችላል። እዚያ ቦታ ስንደርስ አቆምን። ውኃ ጠጣን። ያን ንግግር ከዚህ በፊት ሰምተነው ነበር። በእንግሊዝኛ አይደለም፤ በአማርኛ፣ በራሳችን አዳራሽ፣ በራሳችን አፍ።

የቀረውን በአጭሩ እንናገር። ከግጭቱ 19 ሰከንድ ቀደም ብሎ በአንደኛው የመቆጣጠሪያ ክፍል ኮምፒውተሩ የግጭት ማስጠንቀቂያ አሰምቷል። ማንም ለአብራሪዎቹ አልነገራቸውም፤ “አይተናታል” ብለዋላ። ያ ማስጠንቀቂያ ደግሞ ያለ ምክንያትም ብዙ ጊዜ ስለሚጮህ ጆሮ ለምዶት ነበር። 2,600 ጫማ ገደማ ከፍታ ላይ ተገናኙ። በሁለቱ አውሮፕላኖች ከነበሩት አንድም አልተረፈም፤ በምድር ላይም በቤታቸው የነበሩ 7 ሰዎች ሞቱ። በጠቅላላው 144 ነፍስ። ቦርዱ ዋናውን ምክንያት ሲጽፍ ሴስናዋን ማጣታቸውን ብቻ አልጻፈም። ማጣታቸውን አለመናገራቸውንም ጻፈ።

አሁን ወደ ልጁ።

አጥቢያችን ከሆሳዕና ብዙም በማይርቅ ከተማ ናት። ልጁ 22 ዓመቱ ነበር፤ ስሙን አንጠቅስም። ሳውንድ ላይ የሚያገለግል፣ እሑድ ከሁሉ ቀድሞ መጥቶ ሽቦ የሚዘረጋ፣ ከሁሉ በኋላ ጠቅልሎ የሚሄድ ልጅ ነበር። እናቱ ገበያ ላይ ቅቤ ትሸጣለች፤ አባት የለውም። አሥረኛ ክፍል ሳለ የደቀ መዝሙር ትምህርት ያስተማርነው እኛ ነን። ከዚያ ለወጣቶች መሪው አስረከብነው። የወጣቶች መሪው ሲያገባ ለመዘምራን ክፍል አስረከበው፤ ሳውንድ ከመዝሙር ጋር ስለሚሄድ። የመዘምራን ኃላፊዋ ደግሞ ያው የሽማግሌዎች ልጅ ነው ብላ አሰበች፤ የአዳራሹ ቁልፍ በእርሱ እጅ ነበርና።

በ2015 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ በሽማግሌዎች ስብሰባ መካከል አንዱ አባት ድንገት፣ “ያ የሳውንዱ ልጅ ግን ደኅና ነው?” ብለው ጠየቁ። ሁለት እሑድ በእርሱ ቦታ ሌላ ልጅ አይተው ነበር። አንዱ፣ “ደኅና መሆን አለበት እንጂ” አለ። እኛም፣ “ይመስለናል” አልን። ሌላው፣ “እንግዲህ ጌታ ያውቃል” አለና ሳቅን። ክፉ ሳቅ አልነበረም፤ ደክሞን ነበር፣ ሰዓቱም መሽቶ ነበር። ከዚያ ወደሚቀጥለው አጀንዳ ሄድን፤ የአዳራሹ ቆርቆሮ ነበር። በቃለ ጉባኤው ላይ የቆርቆሮው ብዛት እስከ ሚስማሩ ተጽፏል። የልጁ ነገር አልተጻፈም።

በዚያ ጊዜ ልጁ ከስፖርት ውርርድ ቤት አይወጣም ነበር። ያላንዳች ማጋነን የእናቱን የእቁብ ገንዘብ በልቶ ጨርሷል። ኅዳር ላይ ደላላ አገኘው።

በእኛ አካባቢ ላላችሁ ይህን ማስረዳት አያስፈልግም፤ ለሌሎቻችሁ ግን፦ ከእኛ ዘንድ ወጣቶች ወደ ደቡብ አፍሪካ የሚሄዱበት መንገድ በሞያሌ በኩል ነው። ኬንያን፣ ታንዛኒያን፣ ከዚያም ማላዊን ወይም ዛምቢያን፣ ሞዛምቢክን ያቋርጣል። በ2012 ዓ.ም. መጋቢት፣ በሞዛምቢክ ቴቴ አንድ የጭነት ኮንቴይነር ተከፍቶ 64 ሬሳ የተገኘበት መንገድ ነው። የኢትዮጵያ ልጆች ነበሩ።

ልጁ ረቡዕ ሌሊት ወጣ። ዓርብ ጠዋት ከዲያቆኖቻችን አንዱ በአይሱዙ ሲሚንቶ ጭኖ ወደ ቡሌ ሆራ ሲሄድ ይርጋ ጨፌ ላይ ጎማ ፈነዳበት። ጎሚስታው ጎማውን ሲያወርድ እርሱ ሻይ ልጠጣ ብሎ ወደ አንዲት ሻይ ቤት ገባ። ጥግ ላይ አምስት ወጣቶች ተቀምጠዋል፤ አንደኛው ፊቱን በሻይ ብርጭቆ ሸፈነ። ብርጭቆ ፊት አይሸፍንም። ዲያቆኑ ምንም ሳይናገር አጠገቡ ተቀመጠ፣ ዳቦ አዘዘለት፣ ደወለልን። እኛ ለእናቱ ደወልን። ምን እንዳለችው አናውቅም፤ አልጠየቅናትም። ልጁ በባዶው የጋቢና ወንበር ተቀምጦ ቡሌ ሆራ ደርሶ፣ ሲሚንቶው ሲራገፍ ጠብቆ፣ ቅዳሜ ማታ ቤቱ ገባ።

በተመለሰ በሦስተኛው ሳምንት ገደማ ከዛምቢያ ወሬ መጣ። ከሉሳካ ወጣ ብሎ መንገድ ዳር የ27 ሰዎች ሬሳ ተጥሎ ተገኘ፤ ኢትዮጵያውያን ናቸው ተባለ። አብረውት ሻይ ቤት የነበሩት አራቱ በዚያ ውስጥ አልነበሩም፤ ሁለቱ ዛሬ ጆሃንስበርግ ናቸው። ነገር ግን እናቱ ወሬውን በሬዲዮ የሰማች ዕለት ሱቋን ዘግታ መጥታ አዳራሹ ወለል ላይ ተደፍታ ዋለች።

እሑድ ምስክርነት ነበር። ዲያቆኑ መድረክ ላይ ወጥቶ፣ “ጌታ ጎማ አፈነዳ!” ሲል አዳራሹ በእልልታ ተሞላ። አሁንም እናምናለን፤ ጎማውን ያፈነዳው ጌታ ነው። ስለዚህ አንከራከርም። እኛም በዚያ ቀን ከ1ኛ ሳሙኤል 23 ሰበክን፤ ሳኦል በተራራው በአንዱ ወገን፣ ዳዊት በሌላው ወገን ሲሄዱ፣ ሳኦል ሊከብበው ጥቂት ሲቀረው መልእክተኛ ደርሶ ፍልስጥኤማውያን አገሩን ወርረዋል ያለውን። ለጥቂት መትረፍን ከዚያ የተሻለ የሚያሳይ ታሪክ በመጽሐፍ ውስጥ አናውቅም። ስብከቱ መልካም ነበር፤ ሰዎች ቅጂውን ጠይቀውናል። አሁን ስናስበው ግን በዚያ ሁሉ ሰዓት ልጁ እንዴት ተራራው ዙሪያ እንደ ደረሰ አንድ ቃል አልተናገርንም።

የተናገረችው እናቱ ናት። በር ላይ እጃችንን ጨብጣ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ “መጋቢ፣ ከመስከረም ጀምሮ ልጄን ማን አየው?” አለችን። “እኔ እናንተ ጋ ነው ብዬ ነው። ረቡዕ ረቡዕ የሽቦውን ቦርሳ ይዞ ይወጣል።”

እኛ ደግሞ እርሷ ጋ ነው ብለን ነበር።

በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 2 ላይ ዮሴፍና ማርያም የ12 ዓመቱን ልጅ ኢየሱስን ኢየሩሳሌም ትተው የአንድ ቀን መንገድ ሄደዋል። ክፉ ወላጆች ስለ ነበሩ አይደለም። ከመንገደኞቹ ጋር ያለ ስለ መሰላቸው ነው። ለብዙ ዓመት ይህን ክፍል ስናስተምር የምንቸኩለው ወደ ቤተ መቅደሱ ነው፤ መምህራኑ ወዳሉበት፣ ልጁ ወደ መለሰው ወደዚያ ድንቅ መልስ። በመካከል ያለውን ቀን እንዘልለዋለን። አንድ ሙሉ ቀን ግን ረጅም ነው። ሰው ያወራበታል፣ ይበላበታል፣ ይዘምርበታል፣ በእያንዳንዱም እርምጃ ይርቃል። ቅዱሳን ሰዎች ነበሩ፤ ጉዞውም የበዓል ጉዞ ነበር። የጎደለው አንድ ሰው፣ “እኔ አላየሁትም፤ አንቺስ?” የሚል ነበር።

በዚያች ሳንዲዬጎ ሌሊት የመጣብን ይህ ነው። አራት የሠለጠኑ አብራሪዎች በአንዲት ጠባብ ክፍል ተቀምጠው፣ አንዱም አያያትም፣ አንዱም “አላያትም” አላለም። እያንዳንዱ ለጓደኛው ትንሽ ተስፋ አቀበለ። እኛ ሰባት ነበርን።

በነገራችን ላይ በዚህ ገጽ “እኛ” ማለት ልማዳችን ነው፤ አንባቢዎቻችን ታውቁታላችሁ። በዚህ ጉዳይ ግን እንዳትሳሳቱ። “ይመስለናል” ያለው የሽማግሌዎች ጉባኤ አይደለም፤ መጋቢው ነው። ልጁን ያስተማረውም፣ አስረክቤአለሁ ብሎ ያረፈውም እርሱ ነው።

በጉባኤው መጨረሻ ቀን አብራሪነት የሚማር አንድ ወጣት ከመድረክ ስንወርድ አግኝተነው ጠየቅነው፤ ያን ያህል ቅርብ ሆና እንዴት አትታይም? አንድ ነገር አስረዳን፤ ከዚያ ወዲህ መኪና ውስጥ በተቀመጥን ቁጥር የምናስበው ነገር ነው። ዐይን ቶሎ የሚያየው የሚንቀሳቀስን ነገር ነው። በመስታወቱ ላይ ወደ ቀኝ ወይም ወደ ግራ የሚንሸራተት አውሮፕላን አይመታችሁም፤ እያለፈ ነው። ልትጋጩት ያለው ግን በመስታወቱ ላይ አይንቀሳቀስም። አንድ ቦታ ላይ እንደ ነጠብጣብ ይቆማል፤ ለረጅም ጊዜ ትንሽ ሆኖ ይቆይና በመጨረሻዎቹ ሰከንዶች ብቻ ድንገት ያድጋል። አብራሪ ካየ በኋላም ምን እንደ ሆነ አውቆ፣ ወስኖ፣ አውሮፕላኑ እስኪታዘዝለት 12 ሰከንድ ተኩል ያህል ይፈጃል ብሎ እንደሚማሩ ነገረን። ስለዚህ “ዐይኔን ገልጬ እበርራለሁ” ማለት ብቻውን አይበቃም።

የእኛ ልጅም አልተንቀሳቀሰም። የሚያምጹት፣ ጸጉር የሚያሳድጉት፣ በስብሰባ የሚከራከሩት ወዲያው ይታዩናል፤ ሽማግሌ እንልክባቸዋለን። እርሱ ግን ሁልጊዜ በዚያው ጥግ፣ በዚያው ማሽን ኋላ፣ አንድ ነጠብጣብ ሆኖ ነበር።

ወደ አገር ቤት ተመልሰን ይህን ለሽማግሌዎቹ ስንነግር አንዱ ወንድም ተቆጣ። “ቤተ ክርስቲያን ራዳር አይደለችም፤ ሰዎችን መከታተል ፖሊስ ሥራው ነው” አለ። ልክ ነው፤ ሙሉ በሙሉ ባይሆንም ልክ ነው። እኛ በደርግ ዘመን መጨረሻ ያደግን ሰዎች ማን የት እንደ ዋለ መመዝገብ ምን እንደሚመስል እናውቃለን። ለእርሱ የመለስንለት ከሌላ አደጋ ነው። ከሳንዲዬጎው ስምንት ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. ኦገስት 31 ቀን 1986፣ እሑድ ከቀትር ጥቂት ቀደም ብሎ፣ በሎስ አንጀለስ አጠገብ ሴሪቶስ በሚባል ከተማ ላይ አንድ ዲሲ 9 ከአንዲት ትንሽ ፓይፐር ጋር ተጋጭቶ 82 ሰዎች ሞቱ፤ 15ቱ በምድር የነበሩ ናቸው። ፓይፐሯ ያለ ፈቃድ ወደማይገባበት ክልል ገብታ ነበር፤ ትራንስፖንደሯም ያለችበትን ከፍታ አይናገርም ነበር። ከዚያ በኋላ ነው በአሜሪካ በትልልቆቹ የመንገደኞች አውሮፕላኖች ላይ ቲካስ የሚባለው መሣሪያ በሕግ ግዴታ የሆነው፤ እስከ 1993 መጨረሻ እንዲገጠም ተደረገ። ይህ መሣሪያ የሚሠራው በመሰለል አይደለም። ይጠይቃል። “የት ነህ? ምን ያህል ከፍታ ላይ ነህ?” ይላል፤ የዚያኛውም ትራንስፖንደር ይመልሳል። መላሹ ዝም ካለ መሣሪያው ዕውር ነው። እንግዲህ የምንጠይቀው ነገር ልጆቻችን የሚመልሱልን ሰዎች ሆነን እንደ ሆነ ነው።

አልነበርንም። ምክንያቱንም እናውቃለን። በአጥቢያችን ውርርድ ቤት የተገኘ አገልጋይ ከአገልግሎት ይታገዳል፣ ከጌታ እራትም ይከለከላል። ይህን ሥርዐት የደነገግነው እኛው ነን፤ በኮሌጅ የተማርነውን የቤተ ክርስቲያን ሥነ ሥርዐት ትምህርት ጠቅሰን። ሥርዐቱ መጽሐፍ ቅዱሳዊ ነው ብለን አሁንም እናምናለን። ነገር ግን ለጥቂት የተረፈ ሰው፣ ገና ያልወደቀ ሰው፣ ማንን ይናገር?

አብራሪዎች ይህን ጥያቄ ከእኛ በፊት ጠይቀውታል። እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 1 ቀን 1974 አንድ 727 ወደ ዋሽንግተን ዳለስ ሲገባ ያለ ጊዜው ዝቅ ብሎ ከተራራ ጋር ተጋጭቶ 92 ሰዎች አለቁ። ኋላ እንደ ተገኘው፣ ከስድስት ሳምንት በፊት የሌላ አየር መንገድ አውሮፕላን በዚያው ቦታ በዚያው ስሕተት ወርዶ ለጥቂት ተርፎ ነበር። ያ አየር መንገድ ለራሱ አብራሪዎች ነገረ፤ ለሌሎቹ የሚደርስበት መንገድ ግን አልነበረም። በ1976 የተጀመረው የምስጢር ሪፖርት ሥርዐት የመጣው ከዚህ ነው። ሪፖርቱን የሚቀበለው ፈቃድ የሚነጥቀው መሥሪያ ቤት አይደለም፤ የጠፈር ምርምሩ ድርጅት ናሳ ነው፤ ስም ይፋቃል። ሆን ብሎና በወንጀል ካልሆነ፣ በ10 ቀን ውስጥ ስሕተቱን የጻፈ አብራሪ ከቅጣት ይጠበቃል። የእኛን ምስክርነት ከዚህ ጋር አስተያዩት። እኛ ዘንድ ለጥቂት የተረፈ ሰው መድረክ ላይ ይወጣል፣ ጌታን ያመሰግናል፣ እልል ይባልለታል፤ ምን ላይ እንደ ነበረ ግን ቢናገር ይታገዳል። ስለዚህ ጎማው ይነገራል፤ ውርርዱ አይነገርም።

ባለፈው ዓመት ደግሞ ሌላ አነበብን። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 29 ቀን 2025 በዋሽንግተን ሬገን አየር ማረፊያ አጠገብ አንድ የመንገደኞች ጄት ከጦር ሠራዊት ሄሊኮፕተር ጋር ተጋጭቶ 67 ሰዎች ሞቱ። መርማሪዎቹ ወደ ኋላ ሄደው መዝገብ ቆጠሩ። ከኦክቶበር 2021 እስከ ዲሴምበር 2024 ድረስ በዚያ አየር ማረፊያ ዙሪያ የመንገደኞች አውሮፕላንና ሄሊኮፕተር ከአንድ የባሕር ማይል ባነሰ ርቀትና ከ400 ጫማ ባነሰ የከፍታ ልዩነት የተቀራረቡት 15,214 ጊዜ ነበር። እጅግ የቀረቡት ብቻ 85 ናቸው። ቁጥሩ ተደብቆ አልነበረም፤ መዝገቡ ውስጥ ነበር። በእያንዳንዱ ምሽት ሁሉም በሰላም አረፈ። ይህን ስናነብ የአጥቢያችን የምስክርነት ደብተር ትዝ አለን፤ ጸሐፊያችን በትጋት የምትጽፈው። ከፍተን አየነው። በአራት ዓመት ውስጥ ከሞያሌ መንገድ “ጌታ የመለሳቸው” ተብለው የተመዘገቡ ስድስት ወጣቶች አሉ። ስድስቱም እሑድ ስድስት ጊዜ ዘለልን። አንድ ላይ ደምረናቸው አናውቅም።

ልጁን ራሱን ጠየቅነው። አዳራሹ ደጃፍ ላይ፣ ሽቦ እየጠቀለለ፣ “በዚያን ጊዜ ብንጠይቅህ ትነግረን ነበር?” አልነው። ዝም ብሎ ቆየና፣ “እዋሽ ነበር፣ መጋቢ” አለ። ጥቂት ጠቅልሎ ደግሞ፣ “አንድ ጊዜ ቢጠይቁኝ እዋሽ ነበር። ሁለተኛ ቢጠይቁኝ ግን አላውቅም” አለ።

ለሁለተኛው ጥያቄ ስንል ነው እንግዲህ ዝርዝሩን የጀመርነው። 41 ስሞች ናቸው፤ በወሩ የመጀመሪያ ማክሰኞ ይነበባሉ። እያንዳንዱ ስም ከአንድ ሽማግሌ ጋር ተጽፏል። መልሱ ሁለት ብቻ ነው፦ “አየዋለሁ” ወይም “አላየውም”። “ይመስለኛል” አይፈቀድም። “አላየውም” ያለ አይወቀስም፤ በዚያው ሳምንት ከእርሱ ጋር ሌላ ሰው ይሄዳል፤ ያ ብቻ ነው። ስለ ተናገረ ሰው ቅጣት ገና አልተስማማንም። ሦስት ስብሰባ ተከራከርንበት፤ የተቆጣው ወንድም አሁንም አልተስማማም፤ ምናልባት እርሱ ትክክል ሊሆን ይችላል።

በመጀመሪያው ማክሰኞ 16 ስም ድረስ ሁሉም “አየዋለሁ” ነበር። ያን ያህል እንደማናይ ሁላችንም እናውቅ ነበር። መብራት ጠፋ፤ በስልክ ብርሃን ቀጠልን። 17ኛውን ሲያነቡ ያ በጥቅምት የጠየቁት አባት ቀና ብለው አዩን። የሳውንዱ ልጅ ስም ነበር። ከእኛ ጋር ነው የተጻፈው፤ እኛው ራሳችን ለምነን ያስጻፍነው። ከአራት ወር በፊት ሥራ አግኝቶ ወደ አዋሳ ሄዷል። ኪራይ ከሁለት ጓደኞቹ ጋር እንደ ተካፈለ ሰምተናል፤ እዚያ ላለችው አጥቢያ የሸኚ ደብዳቤ ጽፈንለታል። ደብዳቤው ደርሶ እንደ ሆነ አልጠየቅንም።

“አየዋለሁ” ልንል አፋችንን ከፍተን ነበር።

“አላየውም” አልን።

እኚያ አባት ምንም አላሉም። በእርሳስ ምልክት አደረጉበትና መነጽራቸውን አውልቀው፣ “ቁጥሩ አለዎት?” አሉ። ነበረን። እዚያው፣ በጨለማው፣ ስድስት ሽማግሌዎች እየሰሙ ደወልን። ሦስተኛው ጥሪ ላይ አነሣ፤ ከኋላው የብረት ሥራ ድምፅ ይሰማል።

“መጋቢ? ሰላም ነዎት? ምነው በዚህ ሰዓት?”

ምን እንደምንለው አላሰብንም ነበር። “እንዲያው፣ የት እንዳለህ ልንጠይቅህ ነው” አልነው። ደኅና ነኝ አለ። ትንሽ ቆይተን ሁለተኛ ጠየቅነው። ብረቱ ቆመ፤ ከግቢው ሲወጣ፣ በር ሲዘጋ ሰማን፤ ከዚያ፣ “ጊዜ አለዎት?” አለን። ስልኩን ከድምፅ ማጉያው አንሥተን ወደ ውጭ ወጣን። ሽማግሌዎቹ 18ኛውን ስም ሳያነቡ አንድ ሰዓት ያህል ጠበቁን።